ኮትዎን የሰቀሉበት እጅ

ለጎረቤት አገሮች የዴሞክራሲ ልምድ አጥኚ ኮሚሽን
ለክቡር ሰብሳቢው
ስድስተኛ ፎቅ

ጉዳዩ፦ ምስጋና ስለማቅረብ፣ በዚያውም ስለ ወንበር

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ የከበረ ሰላምታዬን ጎንበስ ብዬ እያቀረብኩ፣ ጤናዎ እንደ አዲስ ባትሪ ያለ ማንገራገር የሚነሣ፣ ወገብዎ ክንድ ባለው ወንበር ላይ ውሎ የማይዝል፣ እንቅልፍዎም በስብሰባ ላይ እንደማየው ሁሉ በቤትዎም የሰመረ እንዲሆን ከልቤ እመኛለሁ። እኔም፣ ጠይቀውኝ ባያውቁም፣ ደህና ነኝ።

ማንነቴን ለማስታወስ ያህል፣ የሁለተኛው ሚኒባስ ሾፌር ነኝ። ለአሥራ አንድ ዓመት ማጅራቴን ሲያዩ ኖረዋል፤ ፊቴን ስለማያውቁት ምናልባት መንገድ ላይ ከተገናኘን ዞሬ ጀርባዬን ሰጥቼ ሰላም ብልዎ ይሻላል። ባልደረቦቼ «ፍሬን» እያሉ ይጠሩኛል፤ ጉድጓዱ ለሌላው ሰው ሳይታይ ስለምይዝ ነው። እርስዎም ከኋላ መቀመጫ ላይ ግንባርዎን በተመቱ ቁጥር ሌሎች ስሞች አውጥተውልኛል፤ እነሱን እዚህ መጻፍ ለኮሚሽኑ ክብር አይመጥንም።

ይህ ደብዳቤ በማስታወቂያ ሰሌዳው ላይ የተለጠፈው ፖስታ ጠፍቶ አይደለም። የታሸገ ደብዳቤ ጠረጴዛዎ ላይ ሲደርስ እንደታሸገ ጡረታ እንደሚወጣ፣ የተለጠፈውን ግን አሳንሰር የሚጠብቅ ሁሉ ቆሞ እንደሚያነበው በዓይኔ ስላየሁ ነው። አሳንሰራችን ደግሞ፣ ምስጋና ለአስተዳደርዎ ይሁንና፣ አንባቢ ሳይጨርስ መጥቶ አያውቅም።

እንግዲህ ምስጋናዎቼንና በምስጋናዎቼ መሃል ሾልከው የገቡትን ጥቂት ቅሬታዎች በቁጥር አስቀምጣለሁ። ቁጥር የሌለው ነገር በመሥሪያ ቤታችን እንደማይነበብ አውቃለሁ።

፩ኛ. ስለ ጉዞው።

ባለፈው ዓመት ዴሞክራሲ ወደ ሦስቱ ጎረቤቶቻችን በየት በኩል እንደገባ ለማጥናት አሥራ አራት ልዑካን አስከትለው ሲነሡ፣ መሪውን እንድይዝ እኔን ስለመረጡኝ ምስጋናዬ ወሰን የለውም። በየአገሩ የተጠናው በሆቴል አዳራሽ ውስጥ ነበር፤ መጋረጃው ተጋርዶ፣ መብራቱ ጠፍቶ፣ ግድግዳው ላይ ሥዕል እየበራ። ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማ ይሉታል አባቶቻችን፤ እርስዎ «ዐውደ ጥናት» ብለው አከበሩት። እኔ አዳራሽ መግባት ስላልተፈቀደልኝ ላሚቱ የዋለችበት ቦታ ቆሜ፣ ማለትም በመኪና ማቆሚያ፣ በጋራዥና በወጥ ቤት ጓሮ ስጠብቅ፣ ሳላስበው ጥቂት ለቀምኩ። የኮሚሽኑን ሥራ ያለ ፈቃድ በመሥራቴ ይቅርታዎን እለምናለሁ።

ወደብ ባላት ጎረቤታችን፣ እርስዎ አዳራሽ ውስጥ ሕገ መንግሥቱ በስንት ጠቢባን እንደተረቀቀ ሲሰሙ፣ እኔ የሚኒባሷ ቺንጋ ተበጥሶብኝ ጋራዥ ነበርኩ። አንድ ጣት የጎደለው መካኒክ ቺንጋውን እየቀየረ የአገሩን ነገር አጫወተኝ። አባቱ ወደብ ላይ ጫኝና አውራጅ ነበር። በዚያ ዘመን ድምፅ የሚሰጡት መሬት ያላቸው ብቻ ሲሆኑ፣ ጫኝና አውራጆቹ እኛም እንቆጠር ብለው ጠየቁና የሚሰማ ሲጠፋ ገመዳቸውን መሬት ላይ አስቀምጠው ተቀመጡ። ባለመሬቶቹ ወታደር ይተኩስባቸው አሉ። ባለመጋዘኖቹ ነጋዴዎችም መጀመሪያ ይተኮስባቸው ብለው ነበር። ነገር ግን ለመርከብ የተከማቸው ብርቱካን አርባ ቀን ሙሉ በየመጋዘኑ በሰበሰ፤ ባለመሬቶቹ ርቀው ደጋ ላይ ሲኖሩ ነጋዴዎቹ ቤታቸው ከመጋዘኑ አጠገብ ነበር። በአርባ አንደኛው ቀን ነጋዴዎቹ አፍንጫቸውን ይዘው ወርደው ከጫኝና አውራጆቹ ጋር ተቀመጡ፤ ባለመሬቶቹ ብቻቸውን ቀሩ፤ ብቻውን የቀረ ደግሞ ይፈርማል። መካኒኩ ቺንጋውን ወጥሮ እጁን በጨርቅ እየጠረገ «የኛ ዴሞክራሲ በአፍንጫ ነው የገባው፤ ጥበብ የሚሉህን እንዳትሰማቸው» አለኝ። እርስዎ ማታ ማስታወሻዎን ሲያጽፉ ስለዚያች ከተማ ያነሡት የባሕሩን ንጹሕ አየር ነበር።

ሜዳማዋ ጎረቤታችን ዘንድ ያገኘሁት ሰው ይበልጥ ይመለከተናል። በሆቴሉ በር መኪና የሚጠብቅ፣ አንገቱ ላይ ፊሽካ ያንጠለጠለ አዛውንት ነበር፤ ድሮ የታሪክ መምህር መሆኑን የነገረኝ በሁለተኛው ቀን ነው። በወጣትነቱ የሰው መሬት የሚያርሱ ገበሬዎች ከሰብሉ ግማሹ ይገባናል ብለው ወደ ከተማ ተመሙ። ባለመሬቶቹ ጥቂት ስለነበሩ ብቻቸውን ምንም ማድረግ አይችሉም ነበር። የመሃል ሰው አስፈለጋቸው፤ ጸሐፊው፣ መምህሩ፣ ባለሱቁ። እዚህ ላይ አዛውንቱ ፊሽካውን ከአንገቱ አውጥቶ እጁ ላይ ጠቀለለና እንዲህ አለኝ፤ «ገበሬዎቹ ከኛ ምንም አልፈለጉም። ግን ጫማቸው ጭቃ ነበር፤ ፈራናቸው። ወታደር ለአንድ ሳምንት ይምጣልን ብለን ፈረምን። ሳምንቱ አሥራ ስምንት ዓመት ሆነ። እኔን ከማስተማር ያባረረኝም እሱው ሳምንት ነው።» ከድጡ ወደ ማጡ ማለት ይሄ ነው። እኔም ባልዲ አንሥቼ ሚኒባሷን ማጠብ ጀመርኩ።

ተራራማዋን ጎረቤታችንን እርስዎም ወድደዋታል፤ በዘገባዎ ውስጥ «ተምሳሌት» ብለዋታል። እውነትም ውብ አገር ናት። ባለመሬቶቹና ድሆቹ ደም ሊፋሰሱ ሲሉ ሽማግሌ ገባና ስምምነት ሆነ፤ ድምፅ ለሁሉም ይሰጥ፣ መሬት ግን አይነሣ። ከዚያ ወዲህ በየአራት ዓመቱ በመስታወት ሣጥን ውስጥ ይመርጣሉ፤ ወረቀቱ ሲወርድ ከውጭ ይታያል። በሆቴሉ ጓሮ ሻይ ቅጠል ለቃሚዎች የጭነት መኪና ሲጠብቁ አንዷን ጠየቅኳት። ዘጠኝ ጊዜ መርጣለች። ቤቷ በመጀመሪያው ምርጫ ጊዜ ያፈስስ በነበረበት ቦታ ዛሬም ያፈስሳል። «ድምፄን በሰዓቱ መጥተው ይወስዱታል፤ እሱ ላይ ሐሰት የለባቸውም» አለችኝ። «መልሰው አምጥተውት ግን አያውቁም።» እኔም ይህቺን አገር ተምሳሌት ያደረጓት ለምን እንደሆነ ያኔ ባይገባኝም፣ በኋላ ስብሰባ አዳራሻችን ውስጥ ገብቶኛል።

፪ኛ. ስለ ኮትዎ።

ወደብ ባላት አገር ሳለን ሙቀቱ እንደበረታብዎ አስታውሳለሁ። ከሆቴሉ ፊት ለፊት ባለው አደባባይ ቀኝ እጁን ወደ ላይ ያነሣ የድንጋይ ሰው ቆሟል። ልዑካኑ ለፎቶ ሲሰለፉ እርስዎ ኮትዎን አውልቀው በዚያ በተነሣው እጅ ላይ ሰቀሉና ክንድዎን ትከሻው ላይ ጣል አድርገው ፈገግ አሉ። አጠገቡ ብርቱካን የምትሸጥ ሴት ልጣጩን ሳትጨርስ ቢላዋዋን አስቀመጠች። እኔ ከሚኒባሷ ሆኜ ያየሁት እሷን ነው፤ ምን እንዳስከፋት አልገባኝም ነበር።

የማን ሐውልት እንደሆነ የነገረኝ መካኒኩ ነው። ጫኝና አውራጆቹ ገመዳቸውን ለማስቀመጥ የወሰኑት በወደቡ ግቢ ውስጥ እጅ አውጥተው ነበር። ቀድሞ እጁን ያወጣው ሰው በአርባው ቀን ውስጥ ሞተ፤ እንዴት እንደሞተ መካኒኩ መናገር አልወደደም። ድንጋዩ የእሱ እጅ ነው። እርስዎ ታዲያ ምን ያውቃሉ፤ መስቀያ መሰለዎት፤ ደግሞም ቁመቱ ልክ ነበር። ፎቶው አሁን በዘገባው ሽፋን ላይ፣ ኮቱ እንደተሰቀለ፣ «ሰብሳቢው በወደቡ መናፈሻ» ከሚል ጽሑፍ ጋር ታትሟል። ሐሙስ ከሰዓት በኋላ ለምረቃው ከዚያው አገር የሚመጡ እንግዶች በእጃቸው ሲይዙት ምን እንደሚሰማቸው ለማየት እጓጓለሁ። እንግዶቹን ከአውሮፕላን ማረፊያ የማመጣው እኔ ነኝ፤ መንገዱ ረጅም ነው፤ እኔም ወሬ እወዳለሁ።

፫ኛ. ስለ ቅርጫትዎ።

ይህ አጭር ነው። ከአጥኚዎቹ መካከል ሁላችንም «ባለመነጽሯ» የምንላት ባለሙያ፣ ጎረቤቶቻችን የተለያየ መንገድ የሄዱት ሀብታሙ ከድሃው ጋር ሲጣላ የመሃሉ ሰው ከማን ጋር እንደተቀመጠ ስለሚለያይ ነው የሚል ሠላሳ ገጽ ጽፋ እንደነበር እርስዎም ያስታውሳሉ። እኔ በጋራዥ የለቀምኩትን እሷ ከቤተ መጻሕፍት ለቅማው ነበር፤ ሳንነጋገር መገናኘታችን ገርሞኛል። ሠላሳው ገጽ በታተመው ዘገባ ውስጥ «አልፎ አልፎ አለመግባባቶች ነበሩ» የምትል አንዲት መስመር ሆኗል። የቀረውን ከቅርጫትዎ ያገኘችው የፎቅ ስድስት ጽዳት ሠራተኛዋ ናት። የተጨማደደውን ገጽ አቃንታ፣ የሻይ ጠብታውን ጠርጋ፣ ለእኛ በምሳ ሰዓት ጮክ ብላ አነበበችልን። ሁለት ምሳ ፈጀ። እንዲህ ያለ ጥሩ ነገር ስለሚጥሉልን እናመሰግናለን።

፬ኛ. ስለ ስብሰባው።

ደብዳቤዬ ወደ ዋናው ነገር እንዲህ ዞሮ በመምጣቱ ይቅርታ፤ ጉድጓድ ስለበዛ ነው።

አሁን ያነሣኋትን የጽዳት ሠራተኛ እኛ «ወይዘሮ ቁልፍ» እንላታለን። የሕንፃው በር ሁሉ ቁልፍ በወገቧ ላይ ነው፤ ስትመጣ ከሩቅ ትሰማለች። እርስዎ ከመሾምዎ በፊት፣ ከእርስዎ በፊት የነበሩት ሰብሳቢም ከመሾማቸው በፊት ጀምሮ አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሠርታለች። ጡረታዋ ሦስት ዓመት ቀርቶታል። የዛሬ ሁለት ሳምንት በጠቅላላ ጉባኤው ላይ አራተኛ ሆኖ የቀረበው አጀንዳ «የድጋፍ ሰጪ ሠራተኞችን ወደ አቅራቢ ድርጅት ስለማዛወር» የሚል ነበር። በተራ አማርኛ ሲነገር፣ እኛ አርባ አንድ ሾፌሮች፣ ጽዳቶች፣ ጥበቃዎች፣ ተላላኪዎች፣ አትክልተኛው፣ አናጢውና ሻይ አፍይዋ የኮሚሽኑ ሠራተኞች መሆናችን ይቀርና ነገ በሌላ ድርጅት እንደ አዲስ እንቀጠራለን፤ ወይዘሮ ቁልፍም አሥራ ዘጠኙ ዓመት ተፍቆ ከአንድ ትጀምራለች። በስልሳ ዓመቷ ጀማሪ ሆና ትወለዳለች ማለት ነው። ወጣትነትን ለሠራተኛው በነጻ ያደለ መሥሪያ ቤት ከኛ በቀር የለም።

አዳራሻችንን ለማያውቅ አንባቢ ላስረዳ። ከፊት ክንድ ያላቸው አሥራ ሁለት ወንበሮች አሉ፤ የኃላፊዎች ናቸው። ከኋላቸው ክንድ የሌላቸው አርባ አራት ወንበሮች አሉ፤ የባለሙያዎች ናቸው። ከዚያ በኋላ ግድግዳ አለ፤ ግድግዳው የኛ ነው። የጉባኤው ደንብ አንቀጽ ዘጠኝ «የድምፅ ቆጠራ በረድፍና በወንበር ይከናወናል» ስለሚል፣ ጸሐፊው ረድፍ በረድፍ እየሄደ የተነሣ እጅ ይቆጥርና ግድግዳው ጋ ሲደርስ ይመለሳል። ደንቡ ሲጻፍ የጸሐፊውን ድካም ለማቅለል ነበር ይባላል። እኛም በዚህ ስንቀልድ ኖርን፤ አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ ለሻማ ግዢም፣ ለዓመት እረፍትም፣ ለአንቀጽ ዘጠኝም ግድግዳው ላይ ተደግፈን እጃችንን ስናወጣ አንድም ጊዜ አልተቆጠርንም።

ያን ቀን አጀንዳው ተነበበ፤ የሚቃወም ተባለ። ወይዘሮ ቁልፍ እጇን አነሣች። ቁልፎቹ ጮኹ። ጸሐፊው ረድፎቹን ዞሮ «ተቃውሞ የለም» አለ። እሷ እጇን አላወረደችም። «እኔ እኮ አንሥቻለሁ» አለች። እርስዎም እንደ ልጅ ራርተውላት «እናቴ፣ ከወንበር ውጪ ያለ እጅ ቆጠራ ያዛባል» አሏት። እናቴ ስላሏት በግሌ አመሰግናለሁ። እናቱን የሚያከብር ሰው እንዲህ ነው።

ቀጥሎ የሆነው በቃለ ጉባኤው ላይ ስለሌለ እኔ እጽፈዋለሁ። ባለመነጽሯ ከሦስተኛው ረድፍ ተነሣች፣ ወደ ግድግዳው መጣች፣ ወይዘሮ ቁልፍን በክንዷ ይዛ ወስዳ በራሷ ወንበር ላይ አስቀመጠቻት። ራሷ ግድግዳው ጋ ቆመች። አሁን የማን እጅ እንደሚቆጠር ጸሐፊው ግራ ገባው። እርስዎ ቶሎ ብለው ጉባኤው ለሻይ ይቋረጥ አሉ። ሻዩ ይኸው ሁለት ሳምንት ሞላው፤ ነገ ጠዋት፣ ሐሙስ፣ ይጠናቀቃል።

፭ኛ. ይህ ቅሬታ የቀረበው በእኔ ላይ ነው።

ወይዘሮ ቁልፍ እጇን ስታነሣ እኔ ከጎኗ ነበርኩ። ትከሻችን ይነካካ ነበር። የእኔ ሁለቱም እጆች ኪሴ ውስጥ ነበሩ። ለምን ያሉ እንደሆነ፣ ሾፌር ወደ አቅራቢው ድርጅት ቢዛወርም ሥራ አያጣም፤ አለቆች ደግሞ ፍሬን የሚይዝ ሾፌር ይፈልጋሉ ብዬ አሰብኩ። የሜዳማዋን አገር መምህር በጆሮዬ ሰምቼ፣ አዝኜለት፣ መኪና አጥቤለት፣ ሲመጣብኝ ልክ እንደሱ አደረግኩ። ስብሰባው ለሻይ ከተቋረጠ በኋላ በኮሪደሩ ላይ ብዙ ተናገርኩ፤ ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ነው። ወይዘሮ ቁልፍ ስትሰማኝ ቆየችና «እጅህ ይበርደው ነበር?» ብቻ አለችኝ። አፈርኩ። አሁንም አፍሬ ነው የምጽፈው። ስለዚህ ክቡር ሆይ፣ በዚህ ደብዳቤ ውስጥ ያሉትን ቃላት ሁሉ ሲያነቡ፣ ግማሹ ወደ እርስዎ የተወረወረ ቢመስልም ግማሹ ወደ እኔው የተመለሰ መሆኑን ልብ ይበሉልኝ።

ቅሬታዎቼ አልቀዋል። አሁን በነገው ስብሰባ እንዳይደነግጡ ጥቂት መረጃ ላቀብል።

አንቀጽ ዘጠኝን ደጋግመን አነበብነው። ወይዘሮ ቁልፍ አነበበችው፣ ከጥበቃዎቹ ሽማግሌው ተረጎመው፣ ሻይ አፍይዋ ሳቀችበት። በወንበር ይቆጠራል ይላል እንጂ ወንበሩን ማን ገዛው፣ ክንድ አለው ወይስ የለውም፣ ከየት መጣ አይልም። እናም ሁለት ሳምንቱን ሙሉ እያንዳንዳችን ከየቤታችን መቀመጫ ይዘን መጥተናል። ተላላኪው የሰርጉን ወንበር አምጥቷል፤ ሚስቱ ያለ ጭረት እንዲመለስ አስምላዋለች። ከአትክልተኛው የመጣው የጠርሙስ ሣጥን ነው። ሻይ አፍይዋ የልጇን የትምህርት ቤት አግዳሚ አመጣች፤ ጉልበቷ አገጯ ጋ ይደርሳል፤ ግን ተቀምጣለች። ዱካና ሣጥን ወንበር አይደለም ብለው እንዳይደክሙ አናጢው ለሁሉም መደገፊያ መትቶላቸዋል። እኔ የበኩሌን የሚኒባሷን የኋላ መቀመጫ አራት ብሎን ፈትቼ አውርጃለሁ። ሦስት ሰው ይይዛል፤ እርስዎ ለአሥራ አንድ ዓመት ብቻዎን ሲቀመጡበት ስለኖሩ ምናልባት አላስተዋሉትም።

ለባለሙያ ባልደረቦቻችንም አንድ ቃል አለኝ፤ አሳንሰሩ ገና ስላልመጣ ያነቡታል። ሁላችንም ዘጠና ሰባት ነን። እኛ ከተቀመጥን አርባ አንድ እንሆናለን፤ ለአብላጫው ስምንት ይጎድለናል። አንዷን አግኝተናል። ሰባት ቀርተዋል። ከቅርጫት የወጣውን ሠላሳ ገጽ ቅጂ በአርባ አራቱም ክንድ አልባ ወንበሮች ላይ ዛሬ ስላስቀመጥን፣ ከመቀመጣችሁ በፊት አንሡት፤ ካልሆነ ትቀመጡበታላችሁ። የእኛ ጫማ ጭቃ የለውም፤ ቢኖረውም ወይዘሮ ቁልፍ ትጠርገዋለች። ከእናንተ የምንፈልገው ወንበራችሁን አይደለም። ይህ አጀንዳ ካለፈ የሚቀጥለው «የጥናት ባለሙያዎችን ወደ አማካሪ ድርጅት ስለማዛወር» እንደሚል ግን ረቂቁን አይተነዋል። እሱም ከቅርጫት ነው የወጣው።

ክቡር ሆይ፣ ነገ ቀድመው ከገቡ የፊተኛው ወንበርዎ እንደተለመደው ይጠብቅዎታል፤ የሰው መቀመጫ አንነካም። ዘግይተው ከመጡ ግን አዳራሹ ስለሚሞላ ግድግዳው ጋ ቦታ አስቀርተንልዎታል። ጥሩ ቦታ ነው፤ ሁሉም ነገር ይታያል። ችግሩ ከዚያ የሚነሣ እጅ ቆጠራ ያዛባል፤ ደንቡን እኛ አላወጣነውም።

ከእግርዎ በታች፣ ከፊትዎ ደግሞ በሁለት መቀመጫ ርቀት ላይ ያለሁ፣ ማጅራቴን ለአገልግሎት ያበረከትኩ፣ የጎረቤቶቻችንን ዴሞክራሲ ከመኪና ማቆሚያ ያጠናሁ፣ እጄን ከኪሴ ያወጣሁ ታዛዥዎ፣

ፍሬን
የሁለተኛው ሚኒባስ ሾፌር

ግልባጭ፦
ለአናጢው፣ ምስማር ስላልሰሰተ
ለጉባኤው ጸሐፊ፣ ነገ እስከ ግድግዳው ድረስ የሚሄድበት ምቹ ጫማ እንዲያደርግ
በሜዳማዋ አገር ለሚገኙት የሆቴል መኪና ጠባቂ፣ ለመረጃ ብቻ

ማስገንዘቢያ፦ በአዳራሹ በር ጀርባ የነበረው የኮት መስቀያ ለሁለት ዱካ እግር ስለተፈለገ ተሰንጥቋል። ነገ ኮትዎን የሚሰቅሉበት ቢያጡ አይጨነቁ፤ የተነሣ እጅ በብዛት ያገኛሉ። እነዚህ ግን የድንጋይ ስላልሆኑ፣ ከመስቀልዎ በፊት ቢቆጥሯቸው ይሻላል።